ለኬሚስቱ የተመረጠ ውሃ

አዲስ ኬሚስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ካላያችሁ እኔን እዩኝ። ነጭ ጋወኑን እንደለበሰ ላሊበላ ገበያ የሚወጣ፣ ጠርሙስ ውስጥ ያልገባ ነገር ሁሉ እውነት የማይመስለው ፍጡር ነው። ጠርሙሱን ሲመረምር ይውላል። ጠርሙሱን ያመጣውን ሰውማ ምን ብሎ ይጠይቀዋል? ሰው በላቦራቶሪ አይመረመርም።

ሥራ በጀመርኩ በሳምንቱ፣ ከብልባላ በኩል አንድ አዛውንት ውሃ ይዘው በእግራቸው መጡ። ከመንደራቸው ምንጭ የሚጠጡ ሕፃናት ተቅማጥ እንደያዛቸው ነገሩኝ። ውሃውን አንዴም ሁለቴም መረመርኩት፤ እንከን የለውም። «ለመጠጥ ተስማሚ» ብዬ ጻፍኩና ማኅተሙን ጠረጴዛው እስኪንቀጠቀጥ መታሁበት። መርቀውኝ ሄዱ።

ከወር በኋላ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተመለሱ።

«የልጅ ልጄን ቀበርነው» አሉኝ። «ወረቀትህን አምነን ከዚያው ምንጭ ስናጠጣው ከረምን።»

«አባቴ፣ ያመጡልኝ ውሃ እኮ ንጹሕ ነበር። ከየት ነው የተቀዳው?»

ጥያቄው ግራ አጋባቸው።

«ከማዶ ነዋ፣ ልጄ። የኛ ምንጭ ድፍርስ ነው፤ ለተማረ ሰው ድፍርስ ውሃ ይወሰዳል እንዴ? ሴቶቹ ገደሉን ተሻግረው ቀዱልህ፤ በነጠላም አጠለሉልህ።»

ምርመራዬ ቅንጣት ታህል አልተሳሳተም። በደንብ የመረመርኩት ግን የሰዎቹን አክብሮት ነበር። አንዲቷን ጥያቄ የጠየቅኋት ከቀብር በኋላ ነው።