አሥራ ሰባት ቁጥር ሩዝ በሽታን ለዘለቄታው ድል የነሳበት ታሪክ

ናይሮቢ ውስጥ ሩዝ አይበቅልም፤ ብርዱ አያስበቅለውም። አገራችን የሩዝን በሽታ ለዘለቄታው ድል የሚነሳላትን ጽሕፈት ቤት የከፈተችው ታዲያ እዚያው ናይሮቢ ነበር። ነገሩ በጥልቀት የታሰበበት ነው። ሩዝ በሌለበት የሩዝ በሽታ የለም፤ በሽታ በሌለበት ደግሞ ባለሙያ ልቡ ሳይሸበር ይሠራል።

ዘመኑ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ግድም ነው። ጽሕፈት ቤቱ ሦስት ሰዎች ነበሩት። ኃላፊው ጓድ መኳንንት ከስማቸው በቀር እንከን የማይወጣላቸው ሰው ነበሩ። ሐብተማርያም ቃለ ጉባኤ ይጽፋል፣ ንብረትም ይጠብቃል። ሦስተኛው አለኸኝ ነው፤ ሩዝ የሚያዳቅለው እሱ ብቻ ስለነበር በማዕረግ የመጨረሻው ሆነ።

አለኸኝ፣ ካሳራኒ በሚባል ሰፈር በተከራዩት የመስታወት ቤት ውስጥ እሳት እያነደደ፣ የሩዝ አበባ በወረንጦ እየከፈተ፣ የአንዱን ብናኝ በሌላው ላይ እያራገፈ ሰባት ዓመት ጎንበስ ብሎ ኖሯል። ቡቃያው ሲያድግለት ቅጠል የሚያቃጥለውን ፈንገስ በውሃ በጥብጦ በገዛ እጁ ይረጭበታል። የተሸነፈው ይነቀላል፣ የቻለው ለዘር ይቀራል። ሙያው እንዲህ ነው። ጓድ መኳንንት ግን «ጠላትን እኛው ቀልበን፣ እኛው አጠጥተን?» እያሉ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያዝኑ ነበር።

በሰባተኛው ዓመት ሁለት ዝርያዎች ቀሩ። የሦስት ቁጥር ቅጠል ላይ አንዲት ነቁጥ አልታየችም። አሥራ ሰባት ቁጥር ግን ምስር የምታክል ቡናማ ነቁጥ እዚህም እዚያም ነበረችበት፤ ነቁጧ አትሰፋም፣ ፍሬውም ጢም ብሎ ይሞላል። አለኸኝ የቱን እንደሚመርጥ ያውቅ ነበር። ነቁጥ የሌለውን የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ ፈንገሱ በሁለት በሦስት ክረምት መክፈቻውን ያገኝና ማሳውን ጠርጎ ይበላል። አሥራ ሰባት ብዙ ትናንሽ ቁልፎች አሉት። ጠላት ደጃፉን ይረግጣል እንጂ ጓዳ አይገባም። በዓለም ላይ ያለው የአሥራ ሰባት ዘር ደግሞ አንድ ከረጢት፣ አሥራ ሁለት ኪሎ ብቻ ነበር።

ምርጫው በጽሕፈት ቤቱ ደንብ፣ ሰው በሚገመገምበት ሥርዓት ተካሄደ። ሐብተማርያም ለሁለቱም ዝርያዎች የግል ማኅደር ከፈተላቸው።

«ሦስት ቁጥር ከጠላት ጋር ግንኙነት ፈጥሮ ያውቃል?» አሉ ጓድ መኳንንት።

«አያውቅም፣ ጓድ።»

«አሥራ ሰባትስ?»

አለኸኝ መሬት መሬት እያየ፣ ነቁጥ ነቁጥ እንዳለበት፣ ነቁጡ ግን ታግሎ የመቋቋሙ ምልክት እንደሆነ ተናገረ።

«ሸሚዝህ ላይ ወጥ ብናይ ታግሎ መቋቋም እንበለው?»

ሦስት ቁጥር «ንጹሕ» ተብሎ ተሰየመ። ከኢምባካሲ አውሮፕላን ጣቢያ በንግግር ተሸኝቶ አገር ቤት ገባ፤ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይቀላቀል ተብሎም በየመንግሥት እርሻው እሱ ብቻ ተዘራ።

ሦስተኛው ክረምት ሲገባ የንብረት ማጣሪያ ተደረገ፤ አቋሙ ያልጠራ ዘር በመጋዘን መቀመጡም ታወቀ። እናቃጥለው እንዳይባል ጭሱ ጎረቤት ያስቆጣል። እንድፋው እንዳይባል አንድ ቀን በቅሎ ሊያጋልጥ ይችላል። ረጅም ውይይት ተደረገና ሐብተማርያም በቀይ ቀለም ጻፈ፦ «በአባላት ፊት ተቀቅሎ ይበላ።» አለኸኝ አንድ ጭብጥ እንዲተውለት ለመነ። ርኅራኄው ተመዝግቦ ውድቅ ሆነበት። ከከረጢቱ ትንሽ ኪሱ ሊከት አሰበ፤ ድፍረቱ እስኪመጣለት ድረስ ግን ሐብተማርያም የከረጢቱን አፍ በማኅተም ሰም አሽጎት ነበር።

የፍርዱ አፈጻጸም ኢስትሊ ሰፈር፣ የሳፊያ ምግብ ቤት ሆነ። ሳፊያ ሩዙን በሙቀጫ አስፈትጋ፣ ከፍየል ሥጋ ጋር ፒላው የሚሉትን ቅመም የበዛበት ሩዝ ሠርታ በትልቅ ድስት አቀረበች። ከማቅረቧ በፊት ግን ወገቧን ይዛ ቆመች።

«አለኸኝ ወንድሜ፣ ይሄ ዘር አይደለም እንዴ? ዘሩን የሚበላ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ተርቦ ነው። እናንተ ቁርስ በልታችሁ ነው የመጣችሁት።»

ጓድ መኳንንት ቀመሱ፤ ደገሙ፤ ሦስተኛ ሳህን አስሞልተው ይህን የመሰለ ሩዝ በዕድሜያቸው እንዳልበሉ መሰከሩ። አለኸኝ አንድ ጉርሻ አፉ ውስጥ ይዞ መዋጥ አቃተው። ሰባት ዓመት በአንድ ጉርሻ አይወርድም።

በቢሮ በኩል ዞሮ በመምጣቱ የዘገየው ሐብተማርያም የዚያን ጊዜ ቴሌክስ ይዞ ገባ። ጓድ መኳንንት እጃቸውን ጠርገው ጮክ ብለው አነበቡ፦ «ንጹሕ በሦስት ሳምንት ውስጥ ነድዶ አልቋል። አሥራ ሰባት ቁጥር በአስቸኳይ ይላክ።»

ሁሉም ድስቱን አየ።

«ስንት ይቀራል?» አሉ ጓድ መኳንንት።

«ተቀቅሏል፣ ጓድ» አለ አለኸኝ።

«ስንት ይቀራል ነው ያልኩት።»

«ግማሽ ድስት» አለች ሳፊያ።

ስብሰባው እዚያው ተከፈተ። ጓድ መኳንንት ጥሬ ሆኖ ፈንገስን የተቋቋመ ዘር በእሳት ተፈትኖ ሲወጣ እንደሚበልጥ እንጂ እንደማያንስ አስረዱ። ተቀቅሎ የበቀለ እህል እንደሌለ አለኸኝ ቢናገር፣ ተሞክሮ ያውቅ እንደሆነ ተጠየቀ። ተሞክሮ አያውቅም። እሱ ደግሞ ያልተሞከረን ነገር አውቃለሁ የማይል ሰው ነው። ሁለት እጅ ወጣ፤ ሦስተኛው ዘግየት ብሎ ወጣ።

«ሥጋውን ልልቀመው?» አለች ሳፊያ።

«ይቅር፤ ማዳበሪያ ነው» አሉ ጓድ መኳንንት።

ፒላው ጣራ ላይ ተሰጥቶ ደረቀ፣ ታሸገ፣ በረረ። አገር ቤት፣ በነደደው ንጹሕ መካከል፣ አንድ መደብ ላይ ተዘራ። አለኸኝ አምስት ወር እንቅልፍ አላየም። መደቡ ባዶ መሆኑ ሲታወቅ ጥፋቱ የአዳቃዩ እንደሚሆን ለማወቅ ሙያ አያስፈልግም።

በአምስተኛው ወር አጣሪ ኮሚሽን መደቡ ዳር ቆሞ ቅጹን ሞላ። ቅጹ የቃለ ጉባኤ ልምድ ባላቸው ሰዎች የተዘጋጀ ስለነበር ስለ በሽታ ብቻ ይጠይቃል። ነቁጥ ያለበት ቅጠል፦ የለም። የነደደ ዛላ፦ የለም። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ሲታመም በዚህ መደብ የታየ የበሽታ ምልክት፦ ምንም። በእርሻ ታሪካችን እንዲህ ያለ ውጤት ተመዝግቦ አያውቅም። አሥራ ሰባት ቁጥር በሽታን ለዘለቄታው የተቋቋመ ዝርያ ተባለ፤ ጓድ መኳንንት ሜዳሊያ፣ አለኸኝ የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው።

ከምስክር ወረቀቱ ጋር አዳቃዩ ብቻ የሚሞላው አንድ ቅጽ መጣ። የመጨረሻው መስመር «የዝርያው ድክመት ካለ ይገለጽ» ይላል። ጓድ መኳንንት ሜዳሊያቸውን አድርገው ከኋላው ቆመዋል። አለኸኝ ብዕሩን አነሳ፤ ውሸት መጻፍ አይሆንለትም። ከዚያ በደቃቅ፣ በንጹሕ ጽሑፉ አሰፈረ፦

«ለመብቀል ትንሽ ይዘገያል።»