የእትዬ አንጎል አዳራሽ

እትዬ መጀመሪያ ወንበሩን ይገለብጡታል። ከጋዋናቸው ኪስ ወፈር ያለ የሱፍ ጨርቅ ያወጡና በመቀስ አክብበው ይቆርጡታል። የወንበሩን እግር ጫፍ ሙጫ ይቀቡታል፤ ጨርቁን ይለጥፉበታል፤ እስኪይዝ ድረስ በአውራ ጣታቸው ተጭነው ይቆያሉ። ከዚያ ወንበሩን ያቆሙና ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው ወለሉ ላይ ይጎትቱታል። ድምፅ ካልሰሙ "እሰይ!" ይላሉ። ከሰሙ የሚገላምጡት ወንበሩን ሳይሆን እኔን ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኛ።

"አንተ ልጅ፣ ይሄ ወንበርህ ሰው አንጎል ላይ ምስማር እየመታ ነው።"

"እትዬ፣ የጮኸው እኮ ወለሉ ነው።"

"ወለሉም ይጩህ፤ የሚሰማው ያው አንጎል አይደል?"

ሥልጠና ወስዶ የተመለሰ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ሲሄድ እንደ ማናችንም ነበር። ሲመለስ ግን የመጸዳጃ ቤቱ ቁልፍ ለምን እንደጠፋ ሳይቀር በተማረው ትምህርት ያስረዳችኋል። ለእኛ ሙዚየም የደረሱት እትዬ አንጎል ናቸው። የዐውደ ርዕይ ክፍል ኃላፊያችን ስለ አንጎል አሠራር ተምረው ከመጡ ወዲህ በእውነተኛ ስማቸው የሚጠራቸው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው።

የክብርት እትዬ አንጎል ዋና አዋጅ አጭር ነው፦ "አንጎል እንግዳ ነው። እንግዳ በር ላይ አይገተርም፣ አይጮኽበትም፣ አረፍ ሳይል ወሬ አይጫንበትም።"

በአዋጁ መሠረት መጀመሪያ የተሠዋው ጽሑፍ ነው። የሽመና አዳራሹ ግድግዳ ላይ ቁመቱ ሰው የሚያህል ማብራሪያ ተለጥፎ ነበር። እትዬ ጥበቃውን ጠርተው "ቆመህ አንብበው" አሉት። ጥቂት መስመር እንዳነበበ ሰዓቱን አየ።

"በቃ! እዚህ ጋ አንጎሉ ሻይ ሊጠጣ ወጥቷል" አሉና ከዚያ በታች ያለውን በመቀስ ቆርጠው ጣሉት። ጽሑፉን ሲያዘጋጅ የከረመው የታሪክ ባለሙያችን ለሳምንት ያህል ሰላምታ ነፈጋቸው።

ከጽሑፉ ቀጥሎ ቅርሱን የከለለው መስታወት ተነሳ። "ዐይን ብቻውን ይሰለቻል፤ እጅም ይጠራ" አሉ። የድሮውን የሽመና ዕቃ ሕዝብ ይነካካው ማለት በቅርስ ጠባቂያችን ፊት መርዶ እንደማርዳት ስለሆነ፣ አምሳያውን እንድሠራ እኔ አናጢው ታዘዝኩ። ማግ የሚያመላልሰውን መወርወሪያ ስንት ጊዜ መለሱብኝ! አንዴ "ቀለለ" ይላሉ፤ አንዴ "እንደ ሳሙና አሟለጨ" ይላሉ። "እጅ የያዘውን አንጎል ቶሎ አይረሳም፤ ውሸት አታስይዘው።" ከዚያ ኃይለኛው መብራት ወርዶ ለስላሳ ገባ። በሩ ላይ ድምፅ ያለበትንና ጸጥ ያለውን ቦታ በቀለም የለየ ሥዕል ተሰቀለ። የእኔ አግዳሚ ወንበሮች በየጥጉ ተደረደሩ።

"እትዬ፣ ሰው የሚመጣው ሊያይ ነው ሊተኛ?"

"ያረፈ አንጎል ቅርስ ያያል። የደከመ አንጎል የሚያየው መውጫውን ነው።"

ዳይሬክተሩ ግን ፊታቸውን ቋጠሩ። "እህቴ፣ ይሄ ሙዚየም ነው ወይስ ሳሎን?"

"ሰው የሚሸሸን ሳሎን ስላልሆንን ነው" አሉ እትዬ።

"እንግዲያው የሙከራ ቀን እንያዝ። ሰው ከቆየበት ይቆያል፤ ካልቆየበት መስታወቱም መብራቱም ይመለሳል።" ዳይሬክተሩ አንዴ ካሉ አሉ ነው።

በዋዜማው እትዬ የጎተቱት ወንበር ጮኸ፤ እኔን ግን አልገላመጡኝም። እሳቸው ካልገላመጡ ነገር አለ ማለት ነው። ሙጫ እያቀበልኩ "ምነው?" አልኳቸው።

"ታናሽ እህቴ ነገ ትመጣለች" አሉ። "ጩኸትና የሚያንጸባርቅ መብራት ያስጨንቃታል፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን እዚህ ስሠራ ከበሩ አልፋ አታውቅም። በመጣች ቁጥር ጆሮዋን ይዛ ትመለሳለች። ቤተሰቡ ሁሉ 'ምን ሆና ነው?' ይል ነበር። ለካ መጠየቅ የነበረበት በሩ ነው። ነገ መስታወቱና ኃይለኛው መብራት ከተመለሱ ግን መቼም አትገባም።"

ከዚያ በኋላ ቀልድ አላማረኝም።

በማግስቱ ተማሪዎች መጡ፤ የዐይነ ስውራን ማኅበር አባላትም መጡ። ከማኅበሩ አንድ አዛውንት መወርወሪያውን በጣታቸው ዳብሰው "ይሄስ ዕቃ ነው" አሉና ከሽመናው ዕቃ አጠገብ ተቀምጠው እምቢ፣ አልነሳም አሉ። ዳይሬክተሩ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል።

የእትዬ እህት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። ጥበቃው በደግነት "ግቢ እንጂ፣ ምን ያስፈራል!" ብሎ እጁን ሲዘረጋ እትዬ በዐይናቸው መለሱት። እሷ ሥዕሉን በጣቷ እየተከተለች ታይ ጀመር። ሁላችንም ሥራ ያለን መሰልን፤ እኔ አንዴ የጠበቀ ብሎን መልሼ አጠብቃለሁ። የታሪክ ባለሙያው የራሱን ጽሑፍ ያነባል፤ አጭሩን።

ገባች። ጸጥ ባለው በኩል ዞራ ሄዳ ከአዛውንቱ ማዶ ተቀመጠች።

"ማነው?" አሉ አዛውንቱ።

"እኔ ነኝ" አለች።

"እንግዲያው ያዢ፣ ልጄ።" መወርወሪያውን በድሩ መሐል ሰደዱላት። ያዘችው። መልሳ ሰደደችላቸው።

"እንደገና" አለች።

የታሪክ ባለሙያው ሊያጨበጭብ እጁን ሲያነሳ እትዬ ሁለቱንም እጆቹን ቀልበው ያዙት። ዐይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እጁን ግን አልለቀቁም። ዳይሬክተሩ ሳያስቡት አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ነበር። ከቆይታ በኋላ በሹክሹክታ ጠሩኝ፦ "ለሌሎቹ አዳራሾች ምን ያህል እንጨት ይበቃሃል?"

እኔም ተለክፌያለሁ። ባለፈው ባለቤቴ ድስት ስታስቀምጥ "ቀስ በይ፣ አንጎል እንግዳ ነው" ብላት፣ "እሷ ሴትዮ አንተንም ጨረሰችህ" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንድ ቀን እትዬ ሳይገላምጡኝ ከዋሉ ራሴው ሄጄ "የትኛው ወንበር ነው ዛሬ ያጠፋው?" ማለት ጀምሬያለሁ።

ስለ እሳቸው ልጽፍ መሆኔን ስነግራቸው "አሳጥረው፤ አንባቢም አንጎል አለው" አሉኝ። ከዚያ ጋዋናቸውን እያወለቁ ቆም ብለው ይህን ጨመሩ፦

"አንባቢዎችህን አንድ ነገር ለምንልኝ። በር ላይ ቆሞ የሚያመነታ ሰው ያዩ እንደሆነ፣ እጁን አይጎትቱብኝ። ትንሽ ፈቀቅ ብለው ይጠብቁልኝ።"