ከባጃጁ ሥር የሚታየው እግር የእኔ ነው

ቪዲዮውን ያያችሁ፣ ሰላም ናችሁ? አዎ። ከባጃጁ ሥር የሚታየው ባዶ እግር የእኔ ነው።

ያላያችሁ ደግሞ አትጨነቁ፤ ይደርሳችኋል። ዛሬ እዚህ መርሳ የሆነው ነገር እኔ ቤቴ ሳልገባ ወልድያ ገብቷል። ባለቤቴ ከሥራ ቦታው ደውሎ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ቀሚስሽ ነጭ ነበር እንዴ?» ብሎ ነው።

ነጭ ነበር። ጠዋት ላይ።

ሰው ጨማምሮ ሳያወራው ከእኔው ስሙት።

እንደምታውቁት ባጃጅ እነዳለሁ። ከጀመርኩ ገና ነው፤ ግን ቤታችን የቆመው በእሱ ነው፣ ተመስገን። የባለቤቴ አባት፣ እኛ አባባ የምንላቸው፣ ከሚኖሩበት ከግራና ሆነው ይህን ሰሙ፤ አልወደዱትም። ባለቤቴም መሃል ገባና «አባባ መጥተው ይዩሽ። ይሸጥ ካሉ ይሸጣል» አለኝ።

ዛሬ መጡ።

እኔም ሳልዘጋጅ አልቀረሁም። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባታችን ባጃጁን ጸበል እንዲረጩልኝ ለመንኳቸው። አልሰሰቱም። መስታወቱ ራሰ፣ ወንበሩ ራሰ፣ ወለሉ ራሰ። አባባ ከኋላ ገብተው በትራቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙና ተቀመጡ።

ወለሉን አየሁት። ጸበሉ ገና አልደረቀም።

ጸበል በጫማ ይረገጣል? አይረገጥም። ስለዚህ ጫማዬን አውልቄ እግሬ አጠገብ አስቀመጥኩና በባዶ እግሬ ነዳሁ።

እዚህ ላይ ከወዲሁ የገባው ሰው ካለ ዝም ይበል። ሌሎቹ ይስሙበት።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ገበያው የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመርን። አባባ ከኋላ «ቀስ» አሉኝ።

«ቀስ ነው አባባ።»

«ከዚህም ቀስ አለ።»

መሃል ላይ ስንደርስ ሳር የጫነች አህያ ከፊታችን መንገዱን ልትሻገር ገባች። ፍሬን ረገጥኩ። ፔዳሉ አልወርድ አለ። ደግሜ ረገጥኩ። ድንጋይ የረገጥኩ ያህል ነው።

እመቤቴን ጠራሁ። ቀጥዬ አባባን ጠራሁ።

«አባባ፣ አጥብቀው ይያዙ።»

«ምኑን?»

«ያገኙትን።»

ነዳጁን ለቀቅኩ፣ ማርሽ ቀነስኩ፣ የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። አህያዋን በጎን አለፍናት፤ ከጭነቷ እፍኝ የሚያህል ሳር አባባ ጭን ላይ ቀረ። ከታች፣ ቤት ለሚሠራ ሰው የተራገፈ የአሸዋ ክምር ነበር። ገባንበት። ቆምን።

ሰው አልተነካም። አህያዋም አልተነካችም። ለዚህ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ባመሰግን አይበዛብኝም።

አባባ ሳሩን ከጭናቸው አንስተው ወረዱ፣ አሸዋውን አራገፉ። ቢቆጡ በወደድኩ። አለቀ፣ ተሸጠ አልኩ በልቤ።

ወዲያው ሰው ከበበን። የመርሳን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ባጃጅ ሲቆም ሁሉም መካኒክ ነው። አንዱ «ዘይቱ አልቆ ነው» አለ። ሌላው «የለም፣ አየር ገብቶበት ነው» አለ። ሦስተኛው ጎማውን በእግሩ መታ መታ አደረገ፤ ለምን እንደሆነ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ከመንገዱ ማዶ ሽንኩርት የሚሸጡት እትዬ ዘይነባ «መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ በሉ። ለዘይቱ ትደርሳላችሁ» አሉ።

ተመስገን አልኩና ሙላት ጋ ደወልኩ። ሙላት መካኒኬ ነው። ፍሬኑን በቅርቡ ፈትሾ «እንደ አዲስ ነው» ብሎኝ ነበር። ስለዚህ ሰላምታም አልሰጠሁትም።

«ልትገድለን ነበር» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

«እኔ? ምን አደረግኩ?»

«ፍሬኑ እምቢ አለ።»

«ስትረግጪው ይሰምጣል ወይስ ደርቋል?»

«ደርቋል። ንቅንቅ አይልም።»

«ቢሰምጥ ዘይት ወይ አየር ነው እል ነበር። ከደረቀ ግን ከሥሩ እዪው።»

ስልኩን ዘጋሁት።

ከሥሩ እዪው አለኝ። እኔም ከባጃጁ ሥር ገባሁ።

በጀርባዬ ተኝቼ። በነጭ ቀሚስ።

ምን ማየት እንዳለብኝ አላውቅም። ጭቃ አየሁ። ሽቦ አየሁ። ዝም ብሎ ከመተኛት ይሻላል ብዬ ሁለቱንም ነካ ነካ አደረግኋቸው። የተቀረፅኩት ያን ጊዜ ነው። ቪዲዮው ላይ «እህት፣ ምን አገኘሽ?» የሚል ሰው አለ። «እያየሁ ነው» የምትለዋ እኔ ነኝ።

አባባ ባጃጁን አልነበረም የሚያዩት። እግሬን ነበር።

«ይች ልጅ ጫማዋን በድንጋጤ ጥላዋለች መሰል» ሲሉ ሰማኋቸው። «እሾህ ይወጋታል። ፈልጉላት እንጂ።»

ማንም አልሰማቸውም፤ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ስለዚህ ራሳቸው ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። አንዱን እግር ጫማ ወለሉ ላይ አገኙት። ሌላውን ፈለጉ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ተንሸራቶ ከፍሬኑ ፔዳል ሥር ገብቶ ተወትፏል። ሶሉ ወፍራም ነው፤ አያልቅም ተብዬ ነው የገዛሁት። አባባ በእጃቸው ሳቡት፣ አልመጣም። በበትራቸው ጫፍ ፈንቅለው አወጡት።

ከዚያ ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ውጪ። ጫማሽ ተገኝቷል። ፍሬኑም ተገኝቷል።»

ሳቁን አልገልጽላችሁም፤ ቪዲዮው ላይ አለላችሁ። እትዬ ዘይነባ ሚዛናቸውን አስቀምጠው ነው የሳቁት።

ሙላት መልሶ ደወለ። «አየሽው? ከፔዳሉ ሥር ምን ነበር?»

ከፔዳሉ ሥር። ይህቺን ቃል ቀድሞ ቢጨምራት ምን ነበረበት? ያም ሆኖ ጥፋቱ የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩት። ጮክ ብዬ፤ የከሰስኩት ጮክ ብዬ ነዋ።

ወጣቶች ባጃጁን ከአሸዋው ገፍተው አወጡልኝ፣ ይባረኩ። ሰው ሲበተን አባባ ፊት ቆምኩ። ከጀርባዬ አሸዋ እየረገፈ ነው።

«አባባ፣ ይሸጥ?»

ቁልቁለቱን ቀና ብለው አዩት።

«እውነቱን ልንገርሽ? ስንወርድ እኔ የምዘልበትን ቦታ ነበር የማየው። አንችን ጥዬ።»

«አይፈረድብዎትም» አልኩ።

«አንች ግን መሪውን አልለቀቅሽም። ለሰው አህያ እንኳ አሰብሽላት።» ባጃጁን አንዴ ዞረው አዩት። «አይሸጥም።»

እንባዬ መጣ። በነጠላዬ ልጠርግ ብል ነጠላዬም ጭቃ ነው። ወንበሩን ጠራረግኩና «ይግቡ እንግዲህ አባባ» አልኳቸው።

«አይሸጥም አልኩ እንጂ እገባለሁ መቼ አልኩ?»

በእግራቸው መንገድ ጀመሩ።

ሽማግሌ አባት ጥዬ እንዴት ልሂድ? በአንደኛ ማርሽ ከጎናቸው ተከተልኳቸው፣ እስከ ቤት ድረስ። እሳቸው በበትራቸው፣ እኔ በባጃጅ። በየመሃሉ ዘወር ብለው «ይሠራል?» ይሉኛል። ረግጬ አሳያቸዋለሁ። እኔ ለማሳየት በቆምኩ ቁጥር እሳቸው ይቀድሙኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሁላችንም ደህና ገባን። ባጃጁም ደጅ ቆሟል፣ የእኔው ነው።

አሁን የሙያ ባልደረቦቼን ልጠይቅ፦ ተሳፋሪው ከጎን በእግሩ እየሄደ ሹፌሯን የሚቀድምበት ጉዞ ኮንትራት ነው የሚባለው ወይስ ታክሲ?