ቀኑ ያልሞላ ቲማቲም

በእኛ አገር ገዳይም አዳኝም ስማቸው አንድ ነው፤ መድኃኒት። ራስ ሲያም መድኃኒት ይዋጣል፤ አይጥ ስታስቸግርም መድኃኒት ይደረግላታል። ባል ሚስቱን ትቶ የሌላ ደጅ ካዘወተረ ያችኛዋ መድኃኒት አስነክታው ነው፤ እሱማ ምን በወጣው! ታዲያ እንደኔ ትምህርቷ ከደብተሯ ቀድሞ ያለቀባት ሴት ብትሳሳት ጥፋቱ የማን ነው? የኔ ነው ወይስ የስም አውጪው?

በዓይኔ ግን አልታማም። መርሳ ገበያ ውስጥ ለእኔ ለፋጡማ የጠወለገ ጎመን የሚሸጥ ሰው ገና አልተወለደም። ቲማቲም ስመርጥ ለልጄ ሚስት የምመርጥ ያህል ነው፤ ጠባሳ ያለባትን አልፌያት እሄዳለሁ። ምራቴን ኸዲጃንም ቢሆን የመረጥኳት እኔው ነኝ። ልጄ «እኔ ነኝ ያገኘኋት» ይላል፤ ይበል።

ይህችው ኸዲጃ አርግዛ ከወልድያ መጣችልኝ። ከዚህ በፊት ጨንግፎባታል፤ ስለዚህ በር እንኳ ሲዘጋ ሁላችንም እንደነግጣለን። እህል አስጠላትና አምሮቷ ሁሉ ጥሬ ቲማቲም በቃሪያ ሆነ። አምሮቷ ያልተፈጸመላት ነፍሰ ጡር ልጇ ላይ ምልክት ይወጣል ይባላል። እኔ በቁሜ የልጅ ልጄ ግንባሩ ላይ ቲማቲም የሚያህል ምልክት ይዞ ይወለድ?

ዘንቢሌን አንጠልጥዬ ወደ ዘይነብ ማሳ ወረድኩ። ዘይነብ ባሏ ከሞተ ወዲህ ወንዙ ዳር በመስኖ የምታለማ ጎረቤቴ ናት። ቲማቲሟን ባያችሁት! ቀይ፣ ወዛም፣ ትል እንኳ አፍሮ ዞሮ ያለፈው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነገር ጠብ ጠብ ብሎበታል። ልቀጥፍ ብዬ ስዘረጋ እጄን ለቀም አደረገችው። የኔን እጅ!

«ይተዉት እማማ፤ ትናንት መድኃኒት ረጭቼዋለሁ» አለችኝ። «እሰየው!» አልኳት፤ «መድኃኒት ለነፍሰ ጡር ይበጃል። መድኃኒቱ እንዳይለቅ ሳላጥብ ነው የማበላት።» ዘይነብ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ወላሂ እንዳያደርጉት! ትል የሚፈጅ መርዝ ነው። ቀኑ ሳይሞላ አይለቀምም።» ቀን የሚሞላው ለሆድ ብቻ ይመስለኝ ነበርና «ቲማቲምሽም አርግዟል እንዴ?» አልኳት። «እንደዚያ ይቁጠሩት፤ ያለ ቀኑ ከወጣ መዘዙ ለሰው ነው» አለችኝ። ለካ ከተረጨ በኋላ መርዙ እስኪከስም የሚጠበቅለት ቀን አለው።

ያኔ ግን አላመንኳትም። ለነጋዴ አስባው እኔን የሸነገለችኝ መሰለኝ። ወዲያው የአይሱዙ ድምፅ ሰማሁና፣ በሉ እንግዲህ፣ ስትሸጥለት እጅ ከፍንጅ ይዤ ላዋርዳት ብዬ ቆምኩ። ነጋዴው ገበያው ሞቋል፣ ሁሉንም አሁኑኑ ልጫን አላት። እሱንም ከለከለችው! ከአንድ ሁለት ቀን በላይ ሳይለቀም ካደረ እንደሚፈነዳ እኔም እሷም እሱም እናውቃለን። ሰውየው በገነ። «የሚበላው ወልድያ ነው፤ ማን ሊያውቅብሽ? አንቺ ሴትዮ፣ ቲማቲም ነው የምትሸጪው ወይስ ዳዕዋ እያደረግሽ ልትሰብኪኝ ነው?» አላት። ዘይነብ ወደኔ ጠቆመችና «የእኚህን እናት እጅ እኔ ያዝኩ፤ ወልድያ ያለችውን ነፍሰ ጡር እጇን ማን ይይዝላታል?» አለችው።

ወልድያ ያለችው ነፍሰ ጡር! የኔዋ ኸዲጃስ ነገ ቤቷ ስትመለስ ከዚያው ገበያ አይደል የምትገዛው? ላዋርዳት የቆምኩት ሴትዮ ሄጄ ከጎኗ ቆምኩ። እኔ ሐሳቤን የቀየርኩበትን ቀን የሚያስታውስ ጎረቤት ካለ ይመስክር። ነጋዴው አቧራ አልብሶን ሌላ ማሳ ፍለጋ ወደ ውርጌሳ ነጎደ። እዚያ ደግሞ ሌላ ዘይነብ እንድትገጥመው ዱዓ አደረግሁለት።

በዘመኔ ጠብመንጃ ይዞ የፎከረ ብዙ አይቻለሁ። የለፋችበት ምርት ዓይኗ እያየ ሲፈነዳ፣ ለማታውቀው ሰው ሆድ ብላ የቻለች ግን እሷን ብቻ ነው ያየሁ።

ቀኑ ከሞላው መደብ የተራረፈውን ለቀመችልኝ፤ ግማሹ ጠባሳም፣ ግማሹን ትል የሞካከረው። በብዙ ውሃ በእጅዎ እያሹ ይጠቡት፣ ቀኑ ያልሞላውን ግን እጥበት አያድነውም ብላ አስጠነቀቀችኝ። መልክ ታጥቦ አይጠጣም ማለት ለካ ይኸው ነው። ኸዲጃ ዘንቢሉን ስታይ «እማ፣ ይሄኮ ትል የቀመሰው ነው!» አለች። «ድሮ ንጉሥ ሳይቀመስለት አይበላም ነበር፤ ላንቺም ቀማሽ ተመድቦልሻል፤ ብዪ!» አልኳት። ይህን ለዘይነብ ብነግራት በሳቅ ፈርሳ «በትሉ አይተማመኑ እማማ፤ ቀኑን ይጠይቁ» አለችኝ።

የኸዲጃ ልጅ ቀኑ ሞልቶ ተወለደ፤ ግንባሩ ንጹሕ ነው፣ አልሃምዱሊላህ። እኔም ከዚያ ወዲህ መርሳ ገበያ ስወጣ ወዛሙን ትቼ «መቼ ነው የተረጨ? ቀኑ ሞልቷል?» እያልኩ ጠባሳሙን ሳገላብጥ እውላለሁ። ባለፈው ገበያ አንዷ ሻጭ ለጓደኛዋ ስታንሾካሹክ ሰማኋት፤ «ምስኪን እማማ ፋጡማ! ያ ዓይናቸው ጠፋ።»