ደረጃ የሌለው ፎቅ

ፎቅ ቤት ሁለት ዓይነት ሰው ይፈጥራል፤ ላይ ሆኖ ታች የሚያይና ታች ሆኖ ላይ ምን ይኖር ይሆን የሚል። የመጀመሪያው ቶሎ ይሰለቻል። ሁለተኛው ግን ዕድሜ ልኩን አይሰለችም፤ ያላየውን ክፍል በየቀኑ በአዲስ ዕቃ ይሞላዋላ! እኔ ከሁለተኞቹ ነኝ።

መካነ ሰላም ዳር አንድ ፎቅ ቤት ነበር። አንድ የምለው ሌላ ስላልነበረ ነው። ያሠሩት ደጃዝማች በዘመናቸው ከቤተ መንግሥት ቤተ መንግሥት እየተመላለሱ፣ በጥይት ሊያልቅ የነበረውን ጠብ በምላሳቸው የሚያበርዱ ሰው ነበሩ አሉ። ስማቸውን የልጅ ልጆቻቸው ይጥሩት፤ እኔ ቤቱን ላውራ። ከአንዱ መልእክት ሲመለሱ ፎቅ የሚባል ነገር አይተው መጡና እንቅልፍ አጡ። ከጎንደር በኩል ግንበኛ አስመጡ፤ ግድግዳውን በድንጋይና በኖራ አስነሡ፤ ለወለሉ የጥድ ግንድ በሰው ትከሻ አስመጡ፤ ቆርቆሮውን ከደሴ በበቅሎ አስጫኑ። ታች ግብር የሚበላበት አዳራሽ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ሁለት ጓዳ፤ አንዱ ለክርስቲያን ሥጋ፣ አንዱ ለሙስሊም ሥጋ። ደጃዝማቹ ወሎን ያውቁታል፤ ከቤታቸው እንግዳ ሆዱ ጎድሎ እንዲወጣ አይፈልጉም። ከአዳራሹ ጥግ ሰፊ የወይራ ደረጃ ወደ እልፍኙ ይወጣል። እልፍኙ በምዕራብ በኩል መስኮት አለው፤ ከዚያ መስኮት እስከ አባይ ሸለቆ ድረስ ይታያል ይባላል።

ይባላል ነው እንግዲህ! አባቴ ቁርኣን አስተማሪ ነበርና በዓል በመጣ ቁጥር ይጠራል፤ እኔም እከተለዋለሁ። ሰው ሁሉ ወደ መሶቡ ሲያይ እኔ ወደ ደረጃው አያለሁ። ከቤተሰብ በቀር ማንም አይወጣበትም። አባቴ አንድ ቀን ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብሎ፣ ደረጃውን በዓይንህ አትጨርሰው አለኝ።

አደግሁ፤ አስተማሪ ሆኜ እዚያው ከተማ ተመደብኩ። ያን ጊዜ በቤቱ የቀሩት እሜቴ የሺ ብቻ ነበሩ፤ የደጃዝማቹ የልጅ ልጅ ሚስት። በዚያ እልፍኝ ተሞሽረው፣ በዚያው እልፍኝ ባላቸውን የቀበሩ… ይቅርታ፣ የተሰናበቱ። እልፍኝ ውስጥማ ማን ይቀብራል?

ከዚያ ክፉው ቀን መጣ። ከምሥራቅ ቆላ የተነሣ ሰው ሕፃን አዝሎ፣ ሽማግሌ ደግፎ በእኛ በኩል ማለፍ ጀመረ። እሜቴ የሺ የአዳራሹን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። ባቄላና ገብስ ነበራቸው። ማገዶ ግን የለም። የእኛ ደጋ ማገዶ ኩበት ነው፤ ኩበቱን የሚጥለው ከብት ደግሞ ከሰው ቀድሞ አልቋል። ለተራበ ሆድ ጥሬ ባቄላ እንዴት ይሰጣል?

አንድ ጠዋት ውሃ ላቀብላቸው ስገባ፣ ያ የምመኘው ደረጃ ከላይ በኩል ጎድሎ፣ የጎደለው ከብረት ድስቱ ሥር ሲነድ አየሁ።

«እሜቴ፣ የደጃዝማቹ ደረጃ እኮ ነው!» አልኳቸው።

ጭሱን በነጠላቸው ጫፍ ከዓይናቸው እየመለሱ፣ «እሳቸው ወጥተው ጨርሰዋል» አሉኝ።

ወይራ ጥሩ ፍም አለው። ደረጃው ከላይ ወደ ታች እያጠረ ሄደ፤ የእኔም ምኞት አብሮት። ንፍሮ የቀመሱት ሰዎች ግን፣ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ፣ በእግራቸው ቆመው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ያልቆሙትን ወደ ቤተ ክርስቲያኑም ወደ መስጊዱም ወስደን ቀበርን። ስለዚህኛው ብዙ አላወራም።

ብዙም ሳይቆይ አብዮት ፈነዳ። ሰው ሁሉ እኩል ነው ተባለ። ሌላው ሰው መሬት ታሰበው፤ አልዋሽም፣ እኔን መጀመሪያ የታሰበኝ ፎቁ ነው። ይኸውላችሁ የእኔ ዕድል፤ ማንም ይውጣ ሲባል መውጫው ነዶ አልቋል!

ከአዲስ አበባ ጓድ ታደለ የሚባል ልጅ እግር ካድሬ ተላከልን። ከሲታ ነው፤ ድምፁ ግን ከሰውነቱ ይበልጣል። ለአንዲት አሮጊት ፎቅ ምን ያደርግላታል፣ ላዩ ለኮሚቴው ቢሮ ይሆናል፣ እሳቸው ጓሮ ካለችው ጭስ ቤት ይግቡ አለ። ቤቱን ታውቀዋለህ ተብዬ እኔ መሪ ሆንኩ። ደረጃ ስለሌለ፣ የመስጊዱን ጣሪያ ከሚጠግነው ከአያ ይማም መሰላል ተዋስንና ወጣን።

እንግዲህ የልጅነት ምኞቴ ላይ ቆሜያለሁ። ምን አየሁ መሰላችሁ? ምንም! ክፍሉ ባዶ ነው። ወለሉ ላይ አቧራ ብቻ ተኝቷል። ወደ መስኮቱ ሄድን። አባይስ? ጉም ለብሷል። ዕቃውን ዘመድ ነው ያጋዘው ብዬ በልቤ ረገምኩ።

ስንመለስ መሰላሉ የለም። አያ ይማም መሬት ተወረሰ፣ ቤት ተወረሰ ሲባል ሰምቷል፤ መሰላሉን ካድሬ ከወጣበት ቤት ተደግፎ ሲያየው፣ ሳይወርሱት ብሎ ተሸክሞት ሄደ። ብንጣራ ማን ይስማን? እኩልነት እላይ ሰቅሎን ቀረ።

ከሥራችን ድምፅ መጣ። እሜቴ የሺ አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ሰይዴ፣ አልጋዬ አለ?»

ታደለ አፉን ሲከፍት ክንዱን ያዝኩት። እኝህ ሴት ደረጃው ከነደደ ወዲህ ወደ ላይ ወጥተው አያውቁም፤ ባዶ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

«አለ፣ እሜቴ።»

«እንደተነጠፈ ነው?»

«እንደተነጠፈ ነው። ትንሽ አቧራ ይዞታል እንጂ።»

«ሳጥኔስ?»

«እግርጌው ነው።»

 ቀስ ብለው፣ «እሳቸው ሲመሽ መስኮቱ ጋ የሚቀመጡባት በርጩማ ነበረች። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ትከሻቸው ላይ እደገፍ ነበር። እሷስ አለች?» አሉ።

በርጩማዋ ትኖርበት ወደነበረው ቦታ ዞር ብዬ አየሁ። ያን ጊዜ ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ። አሁን የአድኃሪ ንብረት ብሎ ሊጮህ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አለች፣ እናቴ» አለ። «መስኮቱ ጋ ናት። መስተዋትዎም ግድግዳው ላይ አለ፤ አልተሰበረም።»

የምን መስተዋት ነው ብዬ በሹክሹክታ ብጠይቀው፣ የእናቴ ክፍል አለው አለኝ። ከዘመተ ወዲህ እናቱን አላያትም። ፊቱን ወደ ጉሙ አዞረ፤ እኔም አላየሁትም ብዬ አለፍኩት። እስኪያወርዱን ድረስ ደረጃው የት እንደሄደ ነገርኩት። 

አያ ይማም መሰላሉ እንደማይወረስ በአላህ ስም ካስማለን በኋላ አወረደን። ታደለ ደጅ ለተሰበሰበው ኮሚቴ ውሳኔውን አሰማ፤ ደረጃ የሌለው ቤት ፎቅ አይባልም፣ ይህ ምድር ቤት ነው፣ ለአንድ ሰው አንድ ምድር ቤት ይፈቀድለታል። የኮሚቴው ሊቀመንበር ከላይ መስኮት እኮ ይታያል ብሎ ቢከራከር፣ በመስኮት አይወጣም አለው። እሜቴ የሺ ከቤታቸው ቀሩ።

በኋላ እኔ ወደ አቀስታ ተዛወርኩ። ልሰናበታቸው ሄጄ ጉልበታቸውን ሳምኩ። መሰላል ላሠራልዎት የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር፤ ወጥተው ባዶውን እንዳያዩ ብዬ ዋጥኩት። እሳቸው ግን ፈገግ አሉ።

«ሰይዴ፣ አልጋዬን ጥሩ አድርገህ አነጠፍክልኝ።»

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«አልጋውንም፣ ሳጥኑንም፣ በርጩማዋንም ከደረጃው በፊት እኔው ነኝ ያነደድኳቸው። ደረጃውን ካስቀደምኩ በምን ወጥቼ ላወርዳቸው ነበር?»

«ታዲያ ለምን ጠየቁን?»

«ብቻዬን ሳስበው እየደበዘዘብኝ ነበር። አለ ሲባል መስማት አምሮኝ ነው።» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «ያ ካድሬ ልጅ ግን በደለኝ።»

«ምን አደረገዎት?»

«እዚያ እልፍኝ መስተዋት ኖሮ አያውቅም» አሉ። «እሱ አለ ካለ ወዲህ ግን፣ ወላሂ፣ መስተዋቱ ናፈቀኝ።»