ላይዋ ላይ የተሰፋው ኮት

ሥራ ፈላጊ ሁሉ ልብ ብሎ ያንብብ። ዕውቀት ጥሩ ነው፤ ልምድም አይጠላም፤ ነገር ግን ሁለቱም ኮሌታ የላቸውም። ይህን ታላቅ እውነት ለሰፈሩ ያበረከተችው ዕድሜዋን በልብስ እጥበት የፈጀች አንዲት ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ እየዋለች እንዴት እንደሆነ እንጃ እንጂ፣ ሰው ሁሉ ድርቅዬ ይላታል። አይሆንም ካለች አይሆንም፤ ይሆናል ካለች ደግሞ ባይሆንም ይሆናል።

ድርቅዬ ትሠራበት የነበረውን ልብስ ማጠቢያ ቤት ባለቤቱ ማሽኖቹን ሸጦ ዘጋው። ባሏ ጉልበቱን ታሞ ቤት ከዋለ ቆይቷል። ስለዚህ ጎጆው የቆመው በእሷ ሁለት ክንዶች ነበር። ክንዶቿም ክንድ ናቸው! እርጥብ ብርድ ልብስ ብቻዋን ስትጠመዝዝ ያዩ ወንዶች ከእሷ ጋር ሲጨባበጡ ቀለበታቸውን ያወልቃሉ ይባላል።

በዚህ መሀል የከተማው ትልቁ ሆቴል ለልብስ እጥበት ክፍሉ ኃላፊ እንደሚፈልግ ተሰማ። አመለከተች፤ ለቃለ መጠይቅም ተጠራች። ቤቱ ሁሉ የሚያድረው በዚህች አንዲት ሥራ ላይ ስለሆነ አስቸኳይ የቤተሰብ ጉባኤ ተቀመጠ። የመወያያ ርዕስ፦ ምን ትልበስ? ምን ትመልስ ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ጉባኤው ከርዕስ አይወጣም።

የወንድሟ ሚስት ቢሮ ስለምትሠራ የሰብሳቢነቱን ወንበር ያለ ተቃውሞ ያዘች።

«እትዬ፣ ቃለ መጠይቅ ማለት መታየት ነው። በሩን ከፍተሽ ስትገቢ አለቀ፤ ተፈርዶብሻል።»

«እኔ እኮ ልብስ ላጥብ ነው የምገባው።»

«ልታሳጥቢ ነው እንጂ! ኃላፊ ነሽ። ኃላፊ ደግሞ ኮት ይለብሳል።»

ባልየው ከአልጋው ቀና ብሎ፣ «ያቺ ሰማያዊ ቀሚስሽስ? እጅጌዋ ሰፊ ነው፤ ደግሞ ታምርብሻለች» አለ።

«አንተ ደግሞ! ስለ ልብስ ምን ታውቃለህ?»

ሰውየው ልክ ነበር። ልክ መሆን ግን በዚያ ቤት አትርፎለት አያውቅም።

ቢሮ ሠራተኛዋ ጥቁር የሱፍ ኮቷን አመጣች። ልጅቷ ቀጭን ናት፤ ኮቱም እንደ ባለቤቱ ነው። የድርቅዬ ትከሻ ላይ ሲደርስ ምን እንደገጠመው ሳይገባው አልቀረም። የፊቱ ሁለት ጠርዞች እንደ ተኳረፉ ጎረቤቶች ከሩቅ ተያዩ።

«ግድ የለም፤ ሳትቆልፊው ሂጂ።»

«ኮት ከለበስኩ እቆልፋለሁ» አለች ድርቅዬ።

አለች፤ አለቀ። በቃለ መጠይቁ ዕለት ጠዋት ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊው ተጠራ። ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ መረመረ።

«ተንፍሺ» አለ።

ተነፈሰች።

«አሁን አትመልሺው።»

ከዚያም በጥቁር ክር ኮቱን እላይዋ ላይ ከአንገት እስከ ወገብ ሰፍቶ ዘጋው።

«ጋሼ፣ በኋላ እንዴት አወልቀዋለሁ?»

«ኃላፊ ኮቱን አያወልቅም» አለ ሰፊው ክሩን በጥርሱ እየበጠሰ። ይህ ምክር እንጂ ቀልድ እንዳልነበር ኋላ ታይቷል።

አውቶቡስ ውስጥ የላዩን ብረት መያዝ ስላልቻለች ተሳፋሪው እየተቀባበለ አደረሳት። የሆቴሉ ጥበቃ ገና ሲያያት ቆቡን አነሣ። ከእሷ በፊት የገቡት ሴቶች ሽርጣቸውን እንዳደረጉ የመጡ አጣቢዎች ነበሩ፤ ለእነሱ ቆብ አልተነሣም። ሥራ አስኪያጁና የሰው ኃይል ኃላፊዋ ጥቁሩን ኮት ሲያዩ ሁለቱም ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ እንጂ እመቤት።»

ለመቀመጥ ብትሞክር ክሩ ሲጥ አለ። «ቆሜ ይሻለኛል» አለች።

ፈታኞቹ ተያዩ። እንዲህ ያለ ትጋት አይተው አያውቁም።

«ሠራተኛ ቢያረፍድ ምን ያደርጋሉ?»

«ይታያል።» አየር ስላልነበራት ከአንድ ቃል በላይ አልወጣም።

«የእንግዳ ልብስ ቢበላሽስ?»

«ይጣራል።»

«የወደፊት ዕቅድዎን ቢያብራሩልን?»

ድርቅዬ የቀራትን ትንፋሽ አሰባሰበች። «በሂደት።»

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች። «የበሰሉ ሰው ናቸው» ብላ ለሥራ አስኪያጁ አንሾካሾከች።

ቀጥሎ የተግባር ፈተና ነበር። ወደ እጥበት ክፍሉ ወስደው ውሃ የሚንጠባጠብ የአልጋ አንሶላ ሰጧትና፣ «እባክዎ ገመዱ ላይ ይስቀሉልን» አሏት። ይህ ለድርቅዬ አፍንጫዋን ከመጥረግ አይበልጥም። ክንዷን አነሣች። ክንዷ ደረቷ ድረስ መጥቶ ቆመ። ከኋላዋ አንድ ስፌት ተርተር አለ።

የባሏ ጉልበት፣ ባዶው ጓዳ፣ የተውሶው ኮት አንድ ላይ ድቅን አሉባት። «ኮቱ ጠቦኝ ነው፤ መቀስ ስጡኝ» ብትል ሁሉም ነገር ባለቀ። ግን ያንን ሌላ ሴት ትበል።

«አልሰቅልም» አለች።

«ለምን?»

«ኃላፊ ይሰቅላል እንዴ? እርስዎ በዚህ ይያዙ፤ እርስዎ ደግሞ በዚያ!»

ኮት የለበሰ ሰው ሲያዛቸው መታዘዝ የለመዱ ሁለቱ ፈታኞች አንሶላውን ግራና ቀኝ ያዙ።

«መች ተጨመቀ? ይጭመቁት! ጠበቅ!»

«እንዲህ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ ጫማው ውሃ እየሞላ።

«ደህና። አሁን ይስቀሉ።»

ሰቀሉ። ሥራ አስኪያጁ እየተንጠባጠበ ንግግር አደረገ። «ክፍላችን እስካሁን የጎደለው ሳሙና አልነበረም፤ ቁመና ነው! አንዴም እጃቸውን ሳያነሡ ሥራው ተሠራ። አመራር ማለት ይህ ነው። ሰኞ ይጀምሩ!»

ቤት ስትደርስ ኮቱን በመቀስ ቀደው አወጧት። የወንድሟ ሚስት አለቀሰች፤ ግማሹ እንባ ለሹመቱ፣ ግማሹ ለኮቱ።

«ለሰኞ ሌላ ኮት ፈልጌ ልዋስልሽ፣ እትዬ።»

«አልፈልግም! የቀጠሩት እኔን እንጂ ኮቱን አይደለም።»

ብልህ ሰው ያላበላሸው ነገር ቢተርፍ ግትር ሰው ይጨርሰዋል። ሰኞ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ እጅጌዋን ጠቅልላ ሄደች። ጥበቃው ቆቡን አላነሣም።

«እናት፣ አጣቢዎች በጓሮ በር ነው የሚገቡት።»

ገፍታው ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ምን ልርዳሽ እናቴ?»

«ኃላፊዋ ነኝ!»

«ኃላፊዋንማ አውቃቸዋለሁ። አብረን አንሶላ ሰቅለናል» አለ ሰውየው በትሕትና። «እሳቸው እጃቸውን እንኳ አያነሡም።»

«ኧረ የፈጣሪ ያለህ! እኔ ነኝ እያልኩህ!» ብላ ሁለት ክንዶቿን እስከ ጣሪያው አነሣች።

«አየሽ?» አላት።

ነገሩ በማስረጃ ተዘጋ። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ግን ደግ ሴት ነበረች። «ክንድሽ ጠንካራ ይመስላል። ኃላፊዋ እስኪመጡ በአጣቢነት ለምን አትጀምሪም?» አለቻት። ድርቅዬ እንቢ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቤቷ ትዝ አላትና ዘጋችው። በሕይወቷ አንዴ ሐሳቧን የለወጠችው ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የኃላፊዋ ወንበር በየቀኑ ይወለወላል። ሥራ አስኪያጁ ብቅ እያለ «መጡ?» ይላል፤ «ለስብሰባ ወጥተዋል» ይባላል። ክፍሉም ሰላም ነው፤ አለቃ ሳይኖረው እንዲህ በደንብ የተመራ ክፍል የለም ተብሎ በሆቴሉ ስብሰባ ሁለት ጊዜ ተመሰገነ።

አንድ ቀን አጠገቧ የምታጥብ ሴት አንሶላ እየጠመዘዘች፣ «ይህቺ አለቃ ተብዬ ምን ዓይነት ሰነፍ ናት በማርያም? አንድ ቀን እንኳ እግሯ አይረግጥም?» አለች።

ድርቅዬ ልብሱን ውሃው ውስጥ ወርውራ ቀና አለች።

«በእሳቸው አትምጪብኝ! እንደ እሳቸው ያለ ሰው የት ይገኛል? ሥራ አስኪያጁን አንሶላ ሲያስጨምቁት እኔ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»