ለቦርጭ መሮጥ
ሰሞኑን ራሴን እያዞረኝ ሸሕዲ ጤና ጣቢያ ብሄድ፣ እዚያ ያለው ቁስል አጣቢ ድሬሰር ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በየጠዋቱ ሶምሶማ ልሩጥ! ሥራ ይበዛብኛል፣ ማሳ አለኝ፣ ከብት አለኝ ብዬ ብመልስለት፣ ፈቃዱ ላለው ሰው ጊዜ አይጠፋም ብሎ መከረኝ። ስቄ ወጣሁ። ወደው አይስቁ።

ሰውየው አላወቀም እንጂ፣ በዚህ ቆላ ሥራንና ሩጫን አብሮ በማስኬድ ከእኔ የሚቀድም አልነበረም። አሠልጣኜም ተራ ሰው አይደለም፤ የጣሊያን ጦር ሻምበል፣ ካፒታኖ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር። በጣሊያን ጊዜ መተማ ዮሐንስ ላይ፣ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ ነበርኩ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ አመሻሽ ጆንያ ከትከሻዬ አይወርድም። የቆላውን ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ገና በሦስት ሰዓት መሬቱ እግር ያቃጥላል። እንዲህ ያለ ሰው መቼ ይሮጣል? ለምንስ ይሮጣል?

ካፒታኖው ግን ቦርጭ ነበረው። ሆድ ካገር ይሰፋል ሲባል ያመንኩት እሱን ሳይ ነው፤ የእኛን አገር ጨምሮበት እንኳ አልሞላም። ሐኪሙ ሩጥ ብሎታል አሉ። ብቻውን እንዳይሮጥ አርበኛ ይፈራል። ከባንዳዎቹ ጋር እንዳይሮጥ፣ ሲያለከልክ እንዲያዩት አልፈለገም። ስለዚህ በአስተርጓሚ አስጠራኝና ከነገ ጀምሮ ጎህ ሲቀድ ከፊት ከፊቱ እንድሮጥ አዘዘኝ። ጥይት ቢመጣ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነዋ። ሥራዬስ ብል፣ ከሩጫ መልስ ትሠራለህ ተባልኩ። ይኸው፣ ጊዜ አልጠፋም!

እናንተ የዛሬ ልጆች ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። በእኛ አገር ጨዋ ሰው አይሮጥም። ዝናብ ቢያባርረው እንኳ ጋቢውን ተከናንቦ ይራመዳል። ሰው ሮጠ ማለት ወይ መርዶ ነው፣ ወይ እሳት ነው፣ ወይ ጠላት መጥቷል። ሯጩ መጮህ አያስፈልገውም፤ ያየው ሁሉ ያለውን ይዞ ብድግ ይላል።

የመጀመሪያው ቀን ምን ይሆናል? እኔ ከፊት፣ ካፒታኖው በቁምጣ ከኋላ፣ በወንዙ ዳር ስንመጣ ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ አየችን። ማን እንደሞተ እንኳ ሳትጠይቅ መቀነቷን አጥብቃ ደረቷን ትደቃ ጀመር። ሴቶቹም ተከተሏት። ካፒታኖው የአቀባበል ሥርዓት መስሎት እጁን እያውለበለበላቸው አለፈ።

ሣቁ እዚህ ላይ ያብቃ። ከወንዙ ማዶ የታላቅ ወንድሜ የጋሼ አድማሱ ማሳ ነበር። አባታችን ከሞቱ ወዲህ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ከአገዳ ክምር ሥር የደበቋት አንዲት ምንሽር ጠመንጃ ነበረቻቸው። ከሥራ መልስ ብሄድ፣ ጠዋት ፈረንጁ እያሳደደኝ መስሏቸው አነጣጥረውበት እንደነበር ነገሩኝ። ጣታቸው ምላጩ ላይ ነበረ። ቢተኩሱ ኖሮ መንደሩ ሁሉ ዐመድ ነው። ጉልበታቸውን ይዤ ለመንኳቸው።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ስሮጥ ቢያዩኝ አይነሡ።»

«እሺ፣ አልነሣም» አሉኝ። «ግን ለቦርጭ ስትሮጥ የለመድንህ ሰዎች፣ ለነገር የሮጥህ ቀን በምን እንለይህ?»

በማግስቱም ጎህ ሲቀድ ከካፒታኖው ፊት ፊት ሮጥኩ።

ወራት አለፉ። አገሩ ሁሉ ለመደን። እትዬ ዘውዴ ልቅሶውን ትታ፣ ስናልፍ ውሃ ታቀብለኝ ጀመር። ጋሼ አድማሱም ከማዶ ሆነው ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው ሰላም ይሉኛል። ካልጠገቡ አይዘሉ ይባላል፤ እኔ ሳልጠግብ ዘለልኩ።

በአጨዳው ወራት አንድ ጠዋት የጣሊያን ካምፕ ብደርስ ካፒታኖው የለም። ዛሬ ሩጫ የለም ተባልኩ። የካሚዮኑ ሞተር ተነሥቷል፣ ባንዳዎቹ ይሳፈራሉ። አስተርጓሚው ጠጋ ብሎ፣ የወንድምህን ምንሽር ሰው ጠቁሞባቸዋል አለኝ። ካሚዮኑ በመንገዱ ዞሮ ነው የሚሄደው፤ በወንዙ ዳር ካቋረጥኩ እቀድመዋለሁ ብዬ ሮጥኩ።

እንደዚያን ቀን ሮጬ አላውቅም። እንዳልሻገር ወንዙ ገና ሙሉ ነው፤ መሻገሪያው ላይ ደግሞ ባንዳዎች ቆመዋል። ብጮህ ይተኩሱብኛል። እትዬ ዘውዴ፣ ዛሬስ ጌታህን ጥለኸው መጣህ ብላ ሣቀችብኝ። ከጋሼ አድማሱ ትይዩ ስደርስ ሁለት እጄን አወዛወዝኩ፤ ይሂዱ፣ ይሽሹ ማለቴ ነው። ቀና ብለው አዩኝ። ማጭዳቸውን ከፍ አድርገው ሰላም አሉኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ማጨዳቸውን ቀጠሉ። ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ነበሩ።

ባንዳዎቹ ደርሰው ምንሽሯን ከክምሩ ሥር አወጧት። እሳቸውን እዚያው ማሳቸው ላይ ረሸኗቸው። እኔ ከወንዙ ወዲህ ቆሜ አየሁ። ከሥራ የቀረ ወንድም ይጠረጠራልና፣ እንባዬን እንኳ ሳላፈስ ተመልሼ ጆንያ ስሸከም ዋልኩ። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ካፒታኖው በማግስቱ እንደ ወትሮው ቁምጣውን ለብሶ ጠበቀኝ፤ ሮጥንም።

እና ድሬሰሩ ሩጫ ዕድሜ ያረዝማል ይለኛል። ምን ብዬ ልከራከረው? ካፒታኖው ቦርጩን አራግፎ በደህና አገሩ ገባ አሉ። እኔም ይኸው ስልሳዬን አልፌያለሁ። ከሦስታችን አንድም ቀን ያልሮጡት ጋሼ አድማሱ ብቻ ናቸው።